ውሉን ከመፈረምዎ በፊት መሠረታዊ ደመወዙን ይመልከቱ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ዱባይ ያለ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በቪዲዮ ፈትኖኝ የሁለት ዓመት ውል ልኮልኛል። ደመወዙ በወር 9,000 ድርሃም ሲሆን 3,000ው መሠረታዊ፣ 6,000ው አበል ነው። ቀድሜ ከለቀቅሁ የቪዛ ወጪ መልሼ እንድከፍል ያስገድዳል። ያገናኘኝ ሰው ደግሞ ለማስኬጃ 150,000 ብር ጠይቆኛል፤ በጉብኝት ቪዛ ግባ፣ እዚያ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየርልሃል ይላል። ልፈርም?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ውሉ አሁን ባለበት ሁኔታ አይፈርሙ።

ብሩን አይክፈሉ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ጉዞን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የእርስዎ ድርሻ እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለው ነው። ዱባይ ያለችበት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የ2021 (እ.ኤ.አ.) የሥራ ሕግም አሠሪ የቅጥር ወጪን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው እንዳይወስድ ይከለክላል። ስለዚህ የቪዛ ወጪ ይመለስ የሚለው አንቀጽ ከዚያው አገር ሕግ ጋር ይጋጫል፤ እንዲወጣ ይጠይቁ።

ሰውየው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆኑን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያጣሩ። ሥራውን ራስዎ ያገኙት ከሆነም፣ ከቤት ሠራተኝነት ውጭ ላለ ሥራ ሚኒስቴሩ ቀጥታ ቅጥርን ሊፈቅድ ይችላል።

የጉብኝት ቪዛው ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በዚያ ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። ደመወዝዎ ቢቀር የተመዘገበ ውልም የሥራ ፈቃድም በእጅዎ ስለማይኖር፣ ከሳሽ መሆን ሲገባዎ ሕግ ተላላፊ ሆነው ይገኛሉ። የሥራ መግቢያ ፈቃድ በስምዎ ሳይወጣ ከጅማ እንዳይነሱ።

ብዙ መምህራን ሳያዩት የሚያልፉት ግን ደመወዙ በመሠረታዊና በአበል እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። በኤምሬቶች ቢያንስ አንድ ዓመት ያገለገለ የውጭ አገር ሠራተኛ ሲሰናበት፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ክፍያ ያገኛል። የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው፤ አበል አይገባበትም። በ3,000 ድርሃም ሲሰላ በዓመት 2,100 ነው። ጠቅላላው 9,000 እንደሆነ ቀርቶ መሠረታዊው 6,000 ቢሆን 4,200 ይሆናል። ትምህርት ቤቱ በየወሩ አንዲት ድርሃም ሳይጨምር የእርስዎ የስንብት ክፍያ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ለመደራደር አይፈሩ፤ የሒሳብ መምህር ፈልገው የመጡት እነርሱ ናቸው።

የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር ሊበልጥ አይችልም። በዚያ ጊዜ ሥራውን ትተው ከአገሩ ለመውጣት ቢወስኑ የ14 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ሳያሳውቁ መጥፋት ለአንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ ሊያስከለክልዎ ይችላል። ፓስፖርትዎን አሠሪው ይዞ ማስቀረት አይችልም። የዲግሪዎን ዋና ቅጂም ለደላላ አይስጡ፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና አዲስ አበባ ባለው የኤምሬቶች ኤምባሲ ሲረጋገጥ ራስዎ ተከታትለው መልሰው ይረከቡ። ከጅማ መመላለሱ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የዓመታት ልፋትዎ ያለው በዚያች ወረቀት ላይ ነው።

አሁን ላሉበት ትምህርት ቤት መልቀቂያ ለማስገባት አይቸኩሉ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርብዎታል፤ ቀኑን መቁጠር የሚጀምሩት የተስተካከለው ውልና የመግቢያ ፈቃዱ እጅዎ ከገቡ በኋላ ይሁን። ለዱባዩ ትምህርት ቤት ዛሬውኑ በኢሜይል ይጻፉ፦ መሠረታዊው ወደ 6,000 ከፍ ይበል፣ የቪዛ አንቀጹ ይውጣ፣ የሥራ መግቢያ ፈቃዱ በእናንተ ወጪ ይላክልኝ። የሚሰጡዎትን መልስ ይላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።