የዲፓርትመንቱን የጋራ የኦንላይን ቦታ የያዘ ሰው ምን ይጠበቅበታል? ጥያቄና መልስ

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ግማሹ ቲምስ፣ ሼርፖይንትና ጉግል ድራይቭ በሚባሉት የጋራ መወያያና ፋይል ማስቀመጫ ሲስተሞች ላይ ነው። ቦታውን የሚያስተዳድረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ፣ ያዘው» ተብሎ ነው የሚገባበት። ይህን ሥራ ለዓመታት ስለሠራሁ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ብዬ ነበር። የመጡት እነሆ።

መምህር ነኝ። የዲፓርትመንታችን ቲምስ ላይ ኦውነር (የቡድኑ አስተዳዳሪ) አድርገውኛል። አይቲ ክፍል እያለ የእኔ ሥራ ምንድን ነው?

አይቲ አካውንት ይከፍታል፣ ፓስወርድ ይቀይራል፣ ሲስተሙ እንዳይቋረጥ ይጠብቃል። የፈተና ረቂቅ ማየት ያለበት ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ባለፈው ወር ማን ወደ ሌላ ክፍል እንደተዛወረም አያውቅም። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ምን ይቀመጥ የሚለው በእርስዎ ላይ ነው። ብዙ ቴክኒክ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ክትትል ነው።

ስንት ኦውነር ቢኖር ይሻላል?

ከሁለት አይነስ። ቲምስ እስከ 100 ይፈቅዳል፣ ግን ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። አንድ ብቻ ከሆነ ያ ሰው የታመመ ቀን ሥራው ይቆማል። ሁሉም ኦውነር ከሆነ ደግሞ ማንም ተነስቶ ቻናል (በቡድኑ ውስጥ ያለ የውይይት ክፍል) ይሰርዛል፣ ማን እንደሚጠየቅም አይታወቅም።

የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ። የፕሮጀክታችን ዳታ በሙሉ እሳቸው ጉግል ድራይቭ ላይ ነው። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ዛሬውኑ ጀምሪ። ይህ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ አሳሳቢው ነው።

በግል ድራይቭ ላይ ያለ ፋይል የሰውየው ነው። ለአሥር ሰው ሼር ቢደረግም ባለቤቱ አይለወጥም። ዩኒቨርሲቲው አካውንቱን ሲሰርዝ፣ አስቀድሞ ለሌላ ካልተላለፈ፣ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። ሼርድ ድራይቭ ላይ የተቀመጠ ግን የተቋሙ ነው። ሰው ቢሄድም ፋይሉ ይቀራል። ማይክሮሶፍትም ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ ዋንድራይቭ የግል፣ ሼርፖይንት የጋራ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቲምስ ላይ በቻናል የተለጠፈ ፋይል ሼርፖይንት ውስጥ ይገባል። በግል ቻት የተላከው ግን የሚቀመጠው ላኪው ዋንድራይቭ ውስጥ ነው። «ቲምስ ላይ አለ» ብለሽ የተማመንሽበት ሰነድ የጋራ ላይሆን ይችላል።

አማካሪሽ አካውንታቸው ሳይዘጋ አብረሽ ተቀመጪ። ሼርድ ድራይቭ ይከፈት፣ ፎልደሮቹ ወደዚያ ይዛወሩ። ሲስተሙ ማዛወር ካልፈቀደ አይቲን ጠይቂ። የጥናቱ ተሳታፊዎች ስም ያለበት ፋይል ካለ ለብቻው ይቀመጥ። ማን ሊያየው እንደሚችል የሚወስነው የጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ ነው። ቦታ ስለቀየረ ብቻ የቡድኑ አባል ሁሉ እንዲያየው አይደረግም።

የተማሪዎችን ውጤት በኤክሴል ቡድኑ ላይ ብለጥፍስ? ስም የለውም፣ መታወቂያ ቁጥር ብቻ ነው።

እባክዎ አይለጥፉ። የክፍል ጓደኛሞች አንዱ የሌላውን ቁጥር ያውቃሉ። ዝርዝሩ በስም ፊደል ተራ ከተደረደረ ደግሞ ቁጥሩን ቢያጠፉትም ማን የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ይገመታል። «ሃይድ» የተደረገ (የተደበቀ) ኮለምም አልጠፋም። ፋይሉን ያወረደ ሰው በቀኝ ክሊክ «አንሃይድ» ሲለው ስሙ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሙድልን የመሰለ የትምህርት ማስተዳደሪያ ሲስተም ካለ እዚያ ያስገቡ፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ብቻ ያሳየዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው ፌርፓ በተባለው የተማሪ መረጃ ሕግ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ጂዲፒአር በተባለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ይህን መሰል መረጃ ይጠብቃሉ። ሕጉ ባይኖርም ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ በጓደኞቹ ፊት አንገቱን መድፋት የለበትም።

«ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» የሚለውን ብንጠቀም?

ለሕዝብ ይፋ ለሚሆን ነገር ብቻ። ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በኢሜይል ስም እየጠሩ መጨመር ትንሽ ያደክማል፣ ግን ማን እንደገባ ያውቃሉ።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የምርምር አጋር ላስገባ ነው። የምጠነቀቅለት ነገር አለ?

አለ። አዲስ አባል ቲምስ ውስጥ ሲገባ የሚያየው ከገባበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ አይደለም። በመደበኛ ቻናሎች ላይ ቀደም ሲል የተጻፈውን ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ያነባል። ስለ ባልደረባ የተወራውም፣ ስለ በጀት የተከራከራችሁበትም እዚያው ነው። ለጋራ ምርምሩ ሌላ ቡድን ይክፈቱለት። ፕሮጀክቱ የሚያልቅበትን ቀን ካላንደርዎ ላይ ይያዙና ያን ቀን ያስወጡት።

አንድ ተማሪ በስህተት ሙሉ ፎልደር አጠፋብን። አለቀልን ማለት ነው?

አላለቀም፣ ግን ፈጠን በሉ። ሼርፖይንት የተሰረዘ ፋይልን ለ93 ቀን ይይዛል። የጉግል ሼርድ ድራይቭ ትራሽ (የተሰረዘው የሚቆይበት ቦታ) 30 ቀን ነው። ሙሉ የቲምስ ቡድን ከተሰረዘም አይቲ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላል። ፋይሉ ሳይጠፋ ይዘቱ ብቻ ከተበላሸ የፋይሉ የቀድሞ ቅጂዎች የሚገኙበት «ቨርዥን ሂስትሪ» ውስጥ ግቡና የትናንቱን መልሱ። ልጁን ደግሞ አትቆጡት። ዛሬ ስለነገራችሁ ነው የደረሳችሁበት። ከተቆጣችሁት የሚቀጥለውን ይደብቃችኋል፣ ቀኑም ያልፋል።

አንድ ባልደረባ ቡድኑ ላይ ተማሪ የሚያዋርድ ነገር ጻፈ። ላጥፋው?

አጥፉት፣ ግን መጀመሪያ ስክሪንሾት ያንሱ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። ተማሪው ቅሬታ ካቀረበ ማስረጃው ያስፈልጋል። ከዚያ ለባልደረባዎ ለብቻው ይንገሩት። እዚያው ቡድኑ ላይ መልስ መጻፍ እሳት ማቀጣጠል ነው። የተዋረደውን ተማሪም ያነጋግሩ። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የዲፓርትመንት ኃላፊው ሥራ ነው። ፈራጅ እርስዎ አይደሉም።

የአባላት ዝርዝር በየስንት ጊዜ ይታይ?

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ። የማያውቁት ስም ካገኙ ዝም ብለው አያስወጡ፣ ይጠይቁ። በሦስት ቀን ውስጥ «የእኔ ነው» የሚል ከጠፋ ያስወጡት።