ጥያቄና መልስ፦ የአስማሚዎችን ሥነ ምግባር ስለ ማስተማር

ጥያቄ፦ ሠልጣኞቼ የሥነ ምግባር ደንቦችን በቃላቸው ይዘው ፈተናውን ያልፋሉ፤ በልምምድ ጊዜ ግን ይሳሳታሉ። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ደንቦች በየተራ ሲነበቡ የሚጋጩ አይመስሉም፤ ሠልጣኙ የሚቸገረው ሁለት ግዴታዎች በአንድ ጊዜ ሲይዙት ነው። የቤት ሽያጭ ክርክር ያለማምዷቸው፤ ሻጩ በተናጠል ውይይት ጣሪያው እንደሚያፈስ ለአስማሚው ገልጾ ገዢው እንዳይሰማ ያሳስበው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአውሮፓ የአስማሚዎች የሥነ ምግባር ደንብ፣ አንዱ ወገን በምስጢር የነገረው ነገር ሕግ ካላስገደደ በቀር ያለ እርሱ ፈቃድ ለሌላው እንዳይገለጥ ይከለክላል። ታዲያ ገዢው ጉድለቱን ሳያውቅ የሚፈርመው ስምምነት አውቆ የሰጠው ፈቃድ ይባላል? አብዛኛው ሠልጣኝ የሚታየው ወይ መንገር ወይ ዝም ማለት ነው። ወደ ሻጩ ተመልሶ ጉድለቱ ከፊርማ በኋላ ቢታወቅ ምን እንደሚከተል መጠየቅ፣ ራሱ እንዲናገር ጊዜ መስጠት፣ እምቢ ካለም ምስጢሩን ሳያወጡ ከጉዳዩ መውጣት እንደሚቻል የሚገባው ልምምዱን መሃል ላይ አስቁመው «አሁን ለሻጩ የምትናገረው ቃል ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት ነው። ደንቡን ማስታወስ አይከብደውም፤ የሚከብደው ያን ቃል ማግኘቱ ነው፤ ስለዚህ የትምህርቱን አብዛኛውን ሰዓት ለዚህ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ባለጉዳዮቹን ላስማማ ሠልጣኝ ከፍ ያለ ነጥብ መስጠት ተገቢ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እንዲያውም ጎጂ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ በ2005 የተሻሻለው የአሜሪካ የአስማሚዎች የሥነ ምግባር መመዘኛ በመጀመሪያ አንቀጹ የሚያስቀምጠው የባለጉዳዮችን በራስ ፈቃድ የመወሰን መብት ነው፤ አስማሚው የስምምነት ቁጥር ለማብዛት ሲል ይህን መብት እንዳይጋፋም በግልጽ ያስጠነቅቃል። በነጥብ የተገፋፋ ሠልጣኝ ነገ የደከመውን ወገን ማስፈረም ብቃት ይመስለዋል። ይልቁንም አንዱ ወገን ማመንታቱን አስተውሎ ውይይቱን ያቆመውን ያመስግኑ።

ጥያቄ፦ ክፍያን ከስምምነቱ መጠን በመቶኛ ማስላትስ?

መልስ፦ ይኸው የአሜሪካ መመዘኛ ክፍያው በውጤቱ ላይ እንዳይመሠረት አጥብቆ ይመክራል። አስማሚው በውጤቱ የራሱ ጥቅም ካለው ገለልተኛ ነኝ ሊል አይችልም።

ጥያቄ፦ ያስማማሁትን እውነተኛ ጉዳይ ስም ቀይሬ ለክፍል ማቅረብ እችላለሁ?

መልስ፦ ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሥራው፣ የገንዘቡ መጠንና የጠቡ መነሻ ተደምረው ሰውየውን ያስታውቃሉ። የሁለቱንም ወገኖች ፈቃድ ያግኙ፤ ካልሆነም የጉዳዩን ዋና ችግር ብቻ ወስደው ሌላ ታሪክ ይጻፉ። ሠልጣኞችዎ ምስጢር አጠባበቅን ቀድመው የሚማሩት እርስዎ ስለ ራስዎ ባለጉዳዮች ሲናገሩ ሰምተው ነው።