ጥያቄና መልስ፦ በየቀኑ እየተጫወትኩ ደረጃዬ ለምን ቆመ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ወርልድ ጎልፍ ቱር የሚባለውን የኦንላይን ጎልፍ ጨዋታ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ሳልጫወት አልተኛም። ሌቨሌ በጣም ከፍ ብሏል፣ ደረጃዬ ግን ቱር ፕሮ ላይ ቆሟል። ከእኔ ዘግይቶ የጀመረና የእኔን ግማሽ እንኳ ያልተጫወተ ጓደኛዬ ማስተር ሆነ። ሰሞኑን ጥሩ ጥሩ ዙር እየተጫወትኩ ነው፣ አማካዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ጨዋታው ተበላሽቶ ነው? አዲስ አካውንት ልክፈት እንዴ?
ደረጃው የቆመበት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጨዋታው አልተበላሸም። ሌቨልና ደረጃን አንድ አድርገህ ስላየሃቸው ነው ግራ የገባህ። ሌቨል የሚያድገው በመጫወትህ ብቻ ነው፣ የተሻሉ ክለቦች (የኳስ መምቻ ዱላዎች) እና ኳሶች የሚከፈቱልህም በእሱ ነው። ደረጃው፣ ማለትም ከሃክና ከአማተር ጀምሮ በፕሮ፣ በቱር ፕሮ፣ በማስተር፣ በቱር ማስተርና በሌጀንድ እያለ የሚወጣው፣ በዋናነት የሚያየው አማካይ ውጤትህን ነው።

የትምህርት ቤት ካርድህን አስታውስ። መምህሩ ውጤትህን ይደምርና ለትምህርቶቹ ብዛት ያካፍላል፣ ስንተኛ እንደወጣህ የሚታወቀው ከዚያ ነው። አንድም ቀን ሳትቀር ክፍል ስለተገኘህ አንደኛ አትወጣም። እዚህም እንደዚያው ነው፣ የሚለየው ጎልፍ ላይ ያነሰ ቁጥር መብለጡ ነው፤ ኳሷን በመታህ ቁጥር ይቆጠርብሃል፣ የዙሩ ውጤት በ18ቱ ቀዳዳ (ሆል) የመታኸው ድምር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ እባክህ ይቺን ስሌት ወረቀት ላይ ሥራት። ጓደኛህ 20 ዙር ተጫውቶ አማካዩ 70 ነው እንበል። ድምሩ 1400 ነው። አንተም አማካይህ 70 ነው፣ ግን 200 ዙር ተጫውተሃል፤ ድምርህ 14000 ነው። ሁለታችሁም ዛሬ 60 ብትጫወቱ የእሱ አማካይ ወደ 69.52 ይወርዳል፣ የአንተ 69.95 ላይ ይቆማል። አንድ ዓይነት ዙር ነው የተጫወታችሁት! ሁለታችሁም ከዛሬ ጀምሮ ሁልጊዜ 64 ብትጫወቱ ደግሞ አማካዩን ወደ 68 ለማውረድ እሱ 10 ዙር ይበቃዋል፣ አንተ 100 ዙር ያስፈልግሃል። ጀማሪ ሆነህ ያስቆጠርካቸው መጥፎ ዙሮች አሁንም ከአንተ ጋር ከሆኑ፣ አማካይህ ንቅንቅ ያላለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ይህ እንግዲህ ሁሉም ዙር እኩል ሲደመር ነው፣ አቆጣጠሩ ከጨዋታ ጨዋታ ይለያያል።

በእውነተኛው ጎልፍ ይህን ችግር ስለሚያውቁት መላ አበጅተውለታል። ከ2020 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሃንዲካፕ (የጎልፈኛ አቅም መለኪያ ቁጥር) አሠራር የሚታየው የመጨረሻዎቹ 20 ዙሮችህ ብቻ ነው፣ ከእነሱም 8ቱ ምርጦች ተመርጠው አማካያቸው ይወሰዳል። አንተም ለራስህ እንዲህ አድርግ። ደብተር ያዝ፣ የመጨረሻ 20 ዙሮችህን ጻፍ፣ አስላ። ያ ቁጥር እየወረደ ከሆነ እያሻሻልክ ነው፣ ደረጃውም ቢዘገይም ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ፣ ስለ ሜዳው። ከባድ ሜዳ ላይ የመጣ 66 እና ቀላል ሜዳ ላይ የመጣ 66 እኩል አይደሉም፣ ተራ አማካይ ግን ይህን አያውቅም። ፒጂኤ ቱር የሚባለው የአሜሪካ የባለሙያ ጎልፈኞች ውድድር ለዚህ ነው የተስተካከለ አማካይ የሚያወጣው፤ የእያንዳንዱ ዙር ውጤት በዚያው ቀን ሌሎቹ ተጫዋቾች ካመጡት ጋር ይነጻጸራል። ታይገር ዉድስ በ2000 ያስቆጠረው አማካይ 68.17 ነበር፣ ሲስተካከል 67.79 ሆነ። ስለዚህ ከጓደኛህ ጋር ራስህን ከማወዳደርህ በፊት የት የት ሜዳ እንደሚጫወት ጠይቀው።

አዲስ አካውንት አትክፈት። በሁለት ዓመት የሰበሰብከውን ሌቨልና ክለብ ትጥላለህ፣ ጀማሪዎቹም መሃል ገብተህ ትበላቸዋለህ፣ ይህ ልክ አይደለም። ይልቅ ማታ ማታ ድክም ብሎህ የምትጫወተውን ተው። አማካይህ 70 ሆኖ ሳለ በእንቅልፍ ልብ 78 ብታስቆጥር፣ በማግስቱ 64 ብትጫወት እንኳ አይመልሰውም፤ የሁለቱ አማካይ 71 ነው። ሲደክምህ ለደረጃ የማይቆጠር ልምምድ ተጫወት።

ጥያቄ፦ እኔም ይህንኑ ጨዋታ እጫወታለሁ። ወንድሜ "ደረጃሽ ከፍ ካለ ይከብድሻል፣ አንዳንዴ አውቀሽ ተሸነፊ፣ ቱርናመንት ታሸንፊያለሽ" ይለኛል። እውነት ይሻላል?
እህት ከንባብ ቤት

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ይከብድሻል ያለው እውነቱን ነው። ደረጃሽ ሲያድግ የመጀመሪያውን ምት የምትመቺበት ቦታ (ቲ) ወደ ኋላ ይርቃል፣ ቀዳዳው ያለበት ለስላሳ ሣር (ግሪን) ላይም ኳሷ ትፈጥናለች፣ ያው ሜዳ ሌላ ሜዳ ይሆንብሻል። አንዴ ከወጣሽም ወደ ታች መመለስ የለም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚፈራው።

አውቆ መሸነፉን ግን አልስማማበትም። ጎልፈኞች ሳንድባገር የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው፣ ስድብ ነው። በአማካይ መመደብ የመጣው አቅማቸው የተቀራረበ ሰዎች እንዲገናኙ ነው፤ አንቺ አማካይሽን አውቀሽ ስታበላሺ አንዲት ጀማሪ በሐቅ ለፍታ የምታገኘውን ሽልማት ነው የምትወስጂባት።

ከፍ በይ። መጀመሪያ ሰሞን አማካይሽ ትንሽ ቢጨምር አትደንግጪ። ከቱርናመንት በፊት እዚያው ሜዳ ላይ ጥቂት የልምምድ ዙር ተጫወቺ፣ ከሁሉ በላይ ፐትሽን፣ ማለትም ግሪኑ ላይ ኳሷን ወደ ቀዳዳው የምታንከባልይበትን ምት፣ ተለማመጂ። ፈጣን ግሪን ላይ በድሮው ኃይልሽ ከመታሽ ኳሷ ቀዳዳውን አልፋ ትሄዳለች፣ በሁለት ፐት ያልቅ የነበረው ሦስት ይፈጃል። በ18 ሆል አራት ቦታ እንኳ እንዲህ ቢሆን አራት ምት ጠፋ ማለት ነው።