መልስ፦ የልብ ደም ስሩ በድንገት ለተዘጋበት ሰው አንዱ ሆስፒታል ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ሲያስገባ ሌላው ለምን መርፌ ብቻ ይሰጣል?

ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሐኪሙ ችሎታ ሳይሆን ካት ላብ (ቀጭን ቱቦ በደም ስር አስገብተው ልብን የሚያክሙበት ክፍል) መኖር አለመኖሩ ነው። የልብ ደም ስር ጨርሶ ሲዘጋ (በኢሲጂ፣ ማለትም በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ላይ ኤስቲ የሚባለው የመስመሩ ክፍል ከፍ ሲል) ተመራጩ በ90 ደቂቃ ውስጥ በፊኛ ከፍቶ ስቴንት ማስገባት ነው። ካት ላብ የሌለው ሆስፒታል በሽተኛውን ልኮ በ120 ደቂቃ ውስጥ ማስከፈት ካልቻለ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት (መርፌው ይህ ነው) በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል። የጭንቅላት ደም መፍሰስ ለነበረበት ሰው ግን አይሰጥም።

የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው፤ «መድኃኒቱን ወስዷል» ተብሎ እስኪነጋ ይጠበቃል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኢሲጂ ተደግሞ የኤስቲ ከፍታው ቢያንስ በግማሽ ካልወረደ ደም ስሩ አልተከፈተም፤ ወዲያው ወደ ካት ላብ ይላክ። ካት ላብ አለን የሚሉትንም ሌሊትና እሑድ ይሠራ እንደሆነ ጠይቋቸው።