ከሙላቱ ቀጥሎ ማንን ልስማ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሙላቱ አስታጥቄን ካፌ ውስጥ ሰምቼ ወደድኩት። ሙሉ አልበም መስማት ፈልጌያለሁ። ከየቱ ልጀምር? ወጣ ያለ ነገርም አልጠላም። (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ በተቀዳው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ጀምሪ። ቫይብራፎኑን (በዱላ የሚመታውን ባለ ብረት መሣሪያ) ልብ በይ። ወጣ ያለ ካልሽ ግን የኔ ምርጫ የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ ካሴት ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1985ቱ። ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘር የተባለ የኤሌክትሪክ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻውን ደራርቦ የሠራው። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ! ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። እኔ ካሴቱን መጀመሪያ የሰማሁት መብራት ጠፍቶ፣ በባትሪ ድንጋይ ቴፕ ነው። ድምፁ ሲርገበገብ ድንጋዩ ያለቀ መስሎኝ ቴፑን በጥፊ መታሁት። አንቺ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፤ በስልክ ስፒከር ቤዙ ይጠፋል።