64 ሊትር የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። በጂቡቲ መስመር ተሳቢ ነው የምነዳው። ስሄድ ባዶዬን ነኝ፣ ስመለስ ሙሉ ጭነት አለብኝ። መኪናው ባዶውን በሊትር 3 ኪሎ ሜትር፣ ሲጫን ደግሞ 1.7 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ከባለንብረቱ ጋር አብረን ለክተን ተስማምተናል። ባለፈው ደርሶ መልስ 1,800 ኪሎ ሜትር ሄጄ 830 ሊትር ናፍጣ ፈጀሁ። እሱ ግን «የሁለቱ አማካይ 2.35 ነው፣ ስለዚህ 766 ሊትር ይበቃህ ነበር፣ 64ቱ ሊትር የት ገባ?» ብሎ ከደሞዜ ሊቆርጥ ነው። እግዜር ያውቃል፣ አንድ ሊትር አልሸጥኩም። እንዴት ላስረዳው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ናፍጣው የትም አልገባም። የጠፋው ካልኩሌተሩ ላይ ነው።

ቁጭ በሉና በራሱ ቁጥር ሥሩት። መሄጃው 900 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለ3 ሲካፈል 300 ሊትር። መመለሻውም 900 ነው፣ ለ1.7 ሲካፈል 529 ሊትር ከምናምን። ድምሩ 829። አንተ ያልከው 830 ነው። እንዲያውም እንዲህ በትክክል ገጥሞ ሳይ ገርሞኛል፤ መንገድ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም።

ስህተቱ ይሄ ነው። 3ንና 1.7ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚያስኬደው መኪናው ባዶውንም ተጭኖም እኩል ሊትር ቢያቃጥል ነበር። እዚህ እኩል የሆነው ኪሎ ሜትሩ እንጂ ሊትሩ አይደለም፤ ጭነት ያለበት ጉዞ ከባዶው በእጥፍ ሊጠጋ ትንሽ የቀረው ናፍጣ ይበላል፣ ስለዚህ በአማካዩም ላይ የበለጠ መክበድ አለበት። አጠቃላይ ኪሎ ሜትር ለአጠቃላይ ሊትር፣ በቃ። 1,800 ለ830 ሲካፈል 2.17 ነው።

እኔ በበኩሌ ገልብጬ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እያልኩ መያዝ እመርጣለሁ። ባዶ 33.3፣ ጭነት 58.8፣ ርቀቱ እኩል ስለሆነ አማካዩ 46 ገደማ። በ18 ብታባዛው እዚያው 829 አካባቢ ይመጣል። ባለንብረትህ አማካይ ከወደደ ይሄኛውን ይጠቀም።

ደግሞ መንገዱን አስበው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ ጂቡቲ ወደብ ባሕሩ ጋ ነው። ባዶህን ትወርዳለህ፣ ጭነት ይዘህ ትወጣለህ። አዋሽን አልፎ ሚሌ ድረስ ያለውን ሜዳ ብቻ ለክቶ «መኪናዬ እንዲህ ነው የሚበላው» የሚል ሾፌር ስንቱን አይቻለሁ! በዚህ መስመር ሂሳብ የሚያዘው በደርሶ መልስ ነው፣ ያውም በአንዱ ሳይሆን በሦስት በአራቱ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ክርክር እንዳይኖር አለካኩን አስተካክሉ። ሞልተህ ተነስ፣ ስትመለስ እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው ፓምፕ ሙላ። ያኔ የገባው ሊትር ማለት የፈጀኸው ነው። ሁለት የነዳጅ ታንክ ካለህ ሁለቱንም ሙላ፣ አንዱን ብቻ አይተህ ሞላ አትበል። ናፍጣ አረፋ ስለሚያወጣ ቱቦው ቶሎ ቀጭ ብሎ ይቆማል፤ አረፋው እስኪወርድ ጠብቅና አንድ ምልክት ላይ አቁም፣ በየጊዜው እዚያው ምልክት ላይ። አፉ ድረስ ጢም አታድርገው። በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ የገባ 400 ሊትር አፋር ሲደርስ በ25 ዲግሪ ቢሞቅ 8 ሊትር ያህል ያብጣል፣ ቦታ ካጣም መንገድ ላይ ይፈሳል።

«ናፍጣ በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ የት አግኝቼ ልሙላ?» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። 100 ሊትር ብቻ ካገኘህ ጻፈውና እለፍ፣ ግን ሂሳብ አትሥራበት። በጀሪካን የጨመርከውንም ጻፍ። እስከሚቀጥለው ሙሉ ድረስ የገባውን ሁሉ ደምረህ ያኔ አካፍል። በቴሌብር ከከፈልክ መልእክቶቹን አታጥፋ።

ሌላው ሰው የሚረሳው ቆሞ የሚነደው ነው። ጋላፊ ድንበር ላይ በዚያ ሙቀት ሞተር አስነስቶ ኤሲ ከፍቶ መጠበቅ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ሊወስድ ይችላል። ስድስት ሰዓት ከቆምክ 15 ሊትር ኪሎ ሜትር ሳይቆጥር ሄደ ማለት ነው። የቆምክበትን ሰዓት በደብተርህ ካልጻፍክ ማንም አያምንህም።

ጎማም ያሳስታል። ያለቀ ጎማ ክቡ ስለሚያንስ ለአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ይዞራል፣ ቆጣሪውም ያልሄድከውን ጨምሮ ይቆጥራል። አዲስ ጎማ በገባ ማግስት «መኪናው ናፍጣ መብላት ጀመረ» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው። በስልክህ ጂፒኤስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ ከቆጣሪው ጋር አስተያየው።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጎ (ከማርሽ አውጥቶ) መልቀቅ ናፍጣ ይቆጥባል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይደለም። በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግርህን ከነዳጅ አንስተህ ስትወርድ ናፍጣውን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መርጨት ይጀምራል። ማለትም ከፍለህበት ነው የምትወርደው። የሞተሩ ፍሬን ስለማይኖርህም ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፣ ሲግል አይዝም። የነገሩህን ሰዎች አትስማቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የራሱን ትራክ ይነዳል፣ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ) ነው የሚጎትተው። ወረቀቱን የምሠራው እኔ ነኝ። ዳሽቦርዱ በጋሎን 7.3 ማይል ይላል፣ እኔ ከደረሰኙ ሳሰላው 6.5 ይመጣል። ለኢፍታ (ስቴቶቹ የነዳጅ ታክስ ለሚከፋፈሉበት ሪፖርት) የቱን ልጻፍ? (ከዳላስ)

መልስ፦ እህቴ፣ የዳሽቦርዱን ተይው። እሱ ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ ረጨሁ ብሎ የገመተው ነው፣ ፓምፑ ላይ ከከፈላችሁት ሊለይ ይችላል። ኢፍታ የሚፈልገው በየስቴቱ የተነዳውን ማይልና የተገዛውን ጋሎን ነው፤ አማካዩ ከእነዚያ ድምር ይወጣል።

ግን 6.5 ራሱ ትክክል መሆኑን ልጠራጠር። ሁለት ነገር እዪልኝ። የሪፈሩ ናፍጣ ሌላ ታንክ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ትራኩን አይነዳውም፤ ከትራኩ ጋሎን ጋር ደምረሽው ከሆነ ቁጥሩን ያወረደው እሱ ነው። ፓምፑ ላይ ለብቻው ይምረጠው፣ በደረሰኙም ላይ ተለይቶ ይምጣ። ዴፍም (የጭስ ማጽጃው ፈሳሽ) ነዳጅ አይደለም፣ አይደመርም። ሁለተኛው ማይሉ ነው። ከሎዱ ወረቀት ላይ ከሆነ የወሰድሽው፣ ያ ብሮከሩ (የጭነት ደላላው) የከፈለበት ማይል እንጂ ጎማው የነካው አይደለም። ባዶ የተነዳው፣ ዞሮ የተሄደው፣ ቤት ለመምጣት የተነዳው ሁሉ ይቆጠራል። የኦዶሜትሩን መነሻና መድረሻ ወይም የኢኤልዲውን (ጉዞውን በራሱ የሚመዘግበውን መሣሪያ) ውሰጂ።

ይሄ የቤት ውስጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም። መዝገቡ ካልበቃ ኦዲተሩ በጋሎን 4 ማይል ብሎ ሊያሰላባችሁ ወይም ያቀረባችሁትን የማይል አማካይ በ20 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ ታክሱ ምን ያህል እንደሚያብጥ አንቺው አስልተሽ እዪው። ወረቀቶቹም ለ4 ዓመት መቀመጥ አለባቸው። የሁለተኛው ሩብ ዓመት ማስገቢያ ጁላይ 31 ነው፤ ደረሰኞቹን የትራኩን ለብቻ፣ የሪፈሩን ለብቻ አድርገሽ ዛሬ ማታ ለያያቸው።