የሞዴል ባቡር ሞጁሎችን ደብረ ብርሃን ላይ ስለማገጣጠም

«ስድስት ሆነን የየራሳችንን የኤችኦ ሞጁል ሠርተን ደብረ ብርሃን አንድ አዳራሽ ውስጥ ልንቀጥላቸው ነው፤ ከምን እንጀምር?» ላልከው (ኤችኦ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ የሞዴል ልክ ነው፤ ሞጁል ደግሞ ከሌላው ጋር የሚቀጠል፣ ሀዲድ የተነጠፈበት አንድ ክፍል)፦

መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት በልኩ ተስማሙ። ከወለል እስከ ሀዲዱ አናት 1 ሜትር፣ ሞጁሎቹ የሚጋጠሙበት የጫፍ ሳንቃ ወርድ 60 ሳ.ሜ.፣ ውፍረቱ 18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ። የአዳራሽ ወለል እኩል ስለማይሆን እግሮቹ ሥር ከፍና ዝቅ የሚል ቡሎን ይግባ።

ዋናው ጣጣ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ቡሎኑ 8 ሚ.ሜ. ከሆነ ቀዳዳውን 12 አድርጉትና ሰፊ ሮንዴላ አስገቡ። የምታስተካክሉት ሳንቃውን ሳይሆን ሀዲዱን ነውና! በውስጠኛው ጠርዝ ጥፍራችሁን አሂዱ፤ ከያዘ ፉርጎው እዚያው ይወድቃል። ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተትም ተዉ። የጠዋቱ ብርድ አልፎ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ሀዲዱ ይረዝማል፣ ቦታ ካጣ ይጎብጣል።

ለዲሲሲው (ሎኮሞቲቮቹን በሀዲዱ በኩል በዲጂታል ትእዛዝ የሚነዳው መቆጣጠሪያ) ዋና መስመር 2.5 ካሬ ሽቦ፤ ፊተኛው ሀዲድ ቀይ፣ ኋለኛው ጥቁር። አንድ ሰው ከገለበጠው ሁሉም ይቆማል። ከመቆጣጠሪያው በራቀው ጫፍ የአንድ ብር ሳንቲም ሁለቱ ሀዲዶች ላይ አጋድሙ፤ ኃይሉ ወዲያው ካልተቋረጠ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ብየዳው ላልቷል፣ ሎኮሞቲቭ አታውጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ክብ አትሞክሩ፤ በስድስት እጅ የተሠራ ማዕዘን መጨረሻው ላይ እምብዛም አይገጥምም። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይሁን።